አምስት ሰው ጠይቆ አንድ ደላላ መስማት፦ ስለ ኦራክል ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጅ በእጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው ለየብቻ ልኮልኛል። ጉዳዩ ያልተማከለ ኦራክል ነው፤ ብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት፣ «ሰንሰለት» የምንለው የግብይት መዝገብ) ከውጭው ዓለም መረጃ የሚያገኝበት መንገድ። ጸሐፊው ይህን በአማርኛ ለማስረዳት መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። አብዛኛው የአማርኛ የክሪፕቶ ጽሑፍ «ይህን ቶክን (ዲጂታል ገንዘብ) ግዙ» ከማለት አያልፍም። የእሳቸው ስለ አሠራር ነው። ግን አምስት ስድስት ቦታ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። ብሎክቼይን ውጭውን ማየት አይችልም፤ ኦራክል ዓይን ይሆነዋል ይላሉ። አንድ ኦራክል ሊዋሽ ይችላል፤ ብዙ ሲሆኑ ግን አይዋሹም፤ ስለዚህ ካልተማከለ ኦራክል የመጣ መረጃ የተረጋገጠ እውነት ነው። እስካሁን በኦራክል ሰበብ የጠፋው ገንዘብ ሁሉ የጠፋው በአንድ ምንጭ ብቻ በተማመኑ ሰዎች እጅ ነው። ከእንግዲህ ማንንም ማመን አያስፈልግም። ገበሬያችንም ያለ ኢንሹራንስ ኩባንያ የድርቅ ካሳ በስልኩ ይገባለታል፤ የተማሪ ውጤትም አይጭበረበርም። በመጨረሻ አጭር ኮድ አያይዘዋል። እኔ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከዓይኑ ልጀምር። ብሎክቼይን ውጭውን አያይም ማለታቸው ልክ ነው። ምክንያቱን ግን የኢንተርኔት ክልከላ አስመስለውታል። ነገሩ ሌላ ነው። ኢቴሪየም በሚባለው ብሎክቼይን ላይ አንድ ስማርት ኮንትራክት (ሰንሰለቱ ላይ ተጽፎ በራሱ የሚፈጸም ፕሮግራም) ሲሠራ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ያንኑ ሥራ ደግመው ይሠሩታል። ሁሉም አንድ መልስ ላይ መድረስ አለባቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ መጥቶ ታሪኩን ከመጀመሪያው የሚያሰላ አዲስ ኮምፒውተርም ያው መልስ ላይ መድረስ አለበት። አሁን ኮንትራክቱ ራሱ ድረ ገጽ ከፍቶ «ወርቅ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ እንበል። አንዱ ኮምፒውተር አሁን ይጠይቃል፤ ሌላው ከሦስት ሰከንድ በኋላ። መልሱ ይለያያል። ከአምስት ዓመት በኋላማ ድረ ገጹም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መረጃው ውጭ ተሰብስቦ፣ እንደማንኛውም ግብይት ሰንሰለቱ ላይ መጻፍ አለበት። ይዞት የሚመጣው ነው ኦራክል። ለእኔ ከዓይን ይልቅ መልእክተኛ ቢባል ይሻላል። መልእክተኛ የላኩትን ያደርሳል። የላኩት ስህተት ከሆነም ስህተቱን አሳምሮ ያደርሳል።

«ብዙ ሲሆኑ አይዋሹም» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ። የሽንኩርት ዋጋ ማወቅ ፈለጋችሁ እንበል። መርካቶ፣ ሾላ፣ ሳሪስ፣ ኮልፌና ላፍቶ ላሉ አምስት ሰዎች ደወላችሁ። አንዱ 78 ብር አለ፤ ሁለቱ 80፤ አራተኛው 82። አምስተኛው ተሳስቶ ይሁን ሊሸውዳችሁ 800 አለ። ደምራችሁ ለአምስት ብታካፍሉ 224 ይመጣል። ሽንኩርት በ224 ብር! ቁጥሮቹን ደርድራችሁ መሃለኛውን ብትወስዱ ግን 80 ነው። ውሸታሙ 800 ቢል ስምንት ሚሊዮን ቢል ያው ነው። ቼይንሊንክ የሚባለው ያልተማከለ ኦራክል በመሠረቱ የሚያደርገው ይህን ነው። ኖዶቹ (መረጃውን የሚያመጡት ኮምፒውተሮች) በየራሳቸው ዋጋ ያያሉ፣ ያዩትን ይፈርማሉ፣ መሃለኛው ቁጥር ሰንሰለቱ ላይ ይጻፋል። ድሮ እያንዳንዱ ኖድ ለየብቻ ሰንሰለቱ ላይ ይጽፍ ስለነበር ክፍያው ኪስ ያራቁት ነበር። ከ2021 ወዲህ ንግግሩን ውጭ ጨርሰው አንድ የተፈረመ ሪፖርት ብቻ ይልካሉ። ከሦስት አንድ እጅ የማይሞሉ ኖዶች ቢበላሹ ወይም ቢዋሹ ሥራው አይቆምም። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ።

ግን አምስቱም ሰዎች ዋጋውን የሰሙት ከአንድ ደላላ ቢሆንስ? አምስት ስልክ ደውላችኋል፤ የሰማችሁት አንድ ሰው ነው። ኖድ ማብዛትና ምንጭ ማብዛት ለየቅል ናቸው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የቆጠሩት። 20 ኖድ ኖሮ 20ውም ከአንድ መረጃ ሻጭ የሚቀዱ ከሆነ፣ ጥበቃው ለመንገዱ ብቻ ነው። ምንጩ ከደፈረሰ ቧንቧ ማብዛት አያጠራውም።

እሺ፣ ምንጩም ይብዛ። አሁንም አላለቀም። የራሳችንን ብር ውሰዱ። ብሔራዊ ባንክ ጁላይ 29 ቀን 2024 ምንዛሪውን ለገበያ እስኪለቅ ድረስ ባንኮች ሁሉ ዶላርን 57 ብር ገደማ ነበር የሚሉት። ውጭ ያለው ገበያ 100ን ካለፈ ሰነባብቶ ነበር። ያኔ አንድ ኦራክል 20 ባንክ ቢጠይቅ 20ውም አንድ ቁጥር ይነግሩታል። ማንም አልዋሸም። ፊርማው ትክክል ነው። መሃለኛውም 57 ነው። ግን በዚያ ዋጋ ዶላር የሚሸጥላችሁ ባንክ ነበር? ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገንዘብ የሚልክ ሰው «ዶላር ስንት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ «በባንክ ነው በብላክ?» ነበር መልሱ። ጥያቄው ሁለት መልስ ነበረው። የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መወሰን ያለበት ኮንትራክቱን የሚጽፈው ሰው ነው። ኖዶቹ ያንን ሊወስኑለት አይችሉም፤ ሥራቸውም አይደለም። ስለዚህ «የተረጋገጠ እውነት» ከማለት «ብዙዎች ያዩትና የተስማሙበት ቁጥር» ማለት ይሻላል። ይህ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ስሙን ግን እናስተካክል።

ወደ ጠፋው ገንዘብ ልለፍ። ጸሐፊው ጥፋቱ ሁሉ የአንድ ምንጭ ነው ሲሉ በግማሽ ልክ ናቸው፤ ግማሹን ሳልከራከር እሰጣቸዋለሁ። በፌብሩዋሪ 2020 ቢዚኤክስ የሚባለው የብድር መድረክ የአንድን ቶክን ዋጋ ከሰንሰለቱ ላይ ካለ ገበያ ብቻ ይቀዳ ነበር። አንድ ሰው በአንዲት ግብይት ውስጥ ገንዘብ ተበደረ፣ ያንን ዋጋ ገፍቶ ሰቀለው፣ በተሰቀለው ዋጋ ቶክኑን አስይዞ ተጨማሪ ተበድሮ ወጣ። ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ሄደ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኮምፓውንድ የተባለ ሌላ የብድር መድረክ የዳይን ዋጋ የሚወስደው ኮይንቤዝ ከሚባለው ገበያ ነበር። ዳይ ዋጋው አንድ ዶላር መሆን ያለበት ቶክን ነው፤ ለጥቂት ጊዜ እዚያ ገበያ ላይ 1.30 ደረሰ። ሌላ ቦታ እንዲያ አልዘለለም። በዚያች ቅጽበት የተበዳሪዎች ዕዳ ያበጠ መስሎ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሰው መያዣ ተሸጠ። ብዙ ገበያ አይቶ መሃለኛውን የሚይዝ ኦራክል ቢኖር ሁለቱም ባልደረሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሌላውን ግማሽ ተመልከቱ። ማንጎ ማርኬትስ ሶላና በሚባለው ብሎክቼይን ላይ የነበረ የንግድና የብድር መድረክ ነው። በኦክቶበር 2022 አቭራሃም አይዘንበርግ የተባለ ነጋዴ የመድረኩን የራሱን ቶክን በተለያዩ ገበያዎች ይገዛ ጀመር። ገዢና ሻጭ የማይበዛበት ቶክን ስለነበር ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ እጥፍ ወጣ። ኦራክሎቹ ገበያዎቹን አዩ። ያዩትን ዋጋ በታማኝነት አደረሱ። ሰውየው በዚያ ባበጠ ዋጋ የሌሎችን ተቀማጭ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ «ተበድሮ» ወጣ። ከፊሉን በድርድር መልሷል። በ2024 ኒው ዮርክ ውስጥ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ጥፋተኛ አሉት፤ በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ ዳኛ ያንን ውሳኔ ሻሩት። ሕጉን ለሕግ ሰዎች ልተው። እኔን የሚገርመኝ ኦራክሉ አንድም ነገር አለመሳሳቱ ነው። ዋጋው በእውነት ያ ነበር፤ ለጥቂት ደቂቃ። ጥፋቱ እንዲህ በቀላሉ የሚገፋ ቶክንን ለዚያ ሁሉ ብድር መያዣ አድርጎ መቀበሉ ላይ ነው።

ሉና የተባለችው ቶክን ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የመጣው ለጥንቃቄ ተብሎ ከተቀመጠ ነገር ነው። በሜይ 2022 ሉና ስትፈራርስ የቼይንሊንክ የሉና ዋጋ ከዚህ በታች አልወርድም የሚል ወለል ተጽፎበት ነበር። 0.107 ዶላር ላይ ሲደርስ ቆመ። ገበያው ላይ ግን ሉና አንድ ሳንቲም ገደማ ደርሳ ነበር። ሰዎች በሳንቲም ገዝተው ቬነስ ወደሚባለው የብድር መድረክ ወሰዷት። እዚያ በአሥር እጥፍ ተቆጠረችላቸው፤ ጥሩ ጥሩውን ገንዘብ ተበድረው ሄዱ። ቬነስ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጣ። አቫላንች በሚባለው ብሎክቼይን ላይ የነበረው የብድር መድረክ ብሊዝ ፋይናንስ ደግሞ ባዶውን ቀረ። ይህ የሆነው አንድ ምንጭ በያዘ ኦራክል አይደለም። ጸሐፊው ደጋግመው የሚያወድሱት ያው ያልተማከለው ላይ ነው።

«ማንንም ማመን አያስፈልግም» ለሚለው ብዙ አልደክምም። የቼይንሊንክን የዋጋ ፊዶች (ዋጋ እየታደሰ የሚጻፍባቸውን) ኮንትራክት የመቀየር ሥልጣን በጥቂት ቁልፍ ያዢዎች የጋራ ፊርማ ሥር ነው። የኖዶቹን ዝርዝር የሚመርጥ አካል አለ። ይህን ምስጢር ያደረገው የለም፤ ሰንሰለቱ ላይ ይታያል። ጸሐፊው «የሚዋሽ ኖድ ያስያዘውን ቶክን ይቀጣል» ሲሉ ደግሞ ደንቡን ቢያዩት ጥሩ ነበር። በ2023 መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው የቼይንሊንክ ስቴኪንግ (ቶክን የማስያዝ ሥርዓት) ቅጣቱ የተጻፈው ለኢቴር (የኢቴሪየም ገንዘብ) እና ለዶላር ፊድ ነው፤ ያውም ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይታደስ ከቀረ። የተሳሳተ ዋጋ በመላክ አይልም። ኦራክሉን ማመን ይቻላል፤ እኔም አምነዋለሁ። ግን ማመኔን አውቄ ነው።

በድምፅ የሚወስኑ ኦራክሎችም አሉ። በማርች 2025 ፖሊማርኬት በሚባለው የውርርድ መድረክ ላይ የዩክሬንና የአሜሪካ የማዕድን ስምምነትን የተመለከተ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተንቀሳቀሰበት ውርርድ ነበር። ስምምነቱ ሳይፈረም «ተፈርሟል» ተብሎ ተዘጋ። ድምፁ የሚቆጠረው በሰው ቁጥር ሳይሆን ሰዎቹ በያዙት የዩኤምኤ (ውጤቱን የሚወስነው ኦራክል) ቶክን መጠን ነው። አንድ ትልቅ ባለ ቶክን ውጤቱን ገፋው ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ገበሬው። ጽሑፉን ሳነብ በጣም የሞቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ነገሩን ሀገራችን ላይ ጭራሽ ያልተሞከረ አድርገው ነው ያቀረቡት። ተሞክሯል፤ ያውም ያለ ብሎክቼይን። በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በምትባል መንደር ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማረት (ማኅበረ ረድኤት ትግራይ)፣ ስዊስ ሪ እና ንያላ ኢንሹራንስ ከሌሎች ጋር ሆነው ሀሪታ የሚባል የዝናብ መድን ጀመሩ። መጀመሪያ 200 ያህል ቤተሰብ ነው የገባው። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ መዋጮውን በጉልበት፣ እርከንና የመሳሰለውን በመሥራት ይከፍል ነበር። የዝናቡ መጠን የሚታየው በሳተላይት ነው። ልኬቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ይከፈላል። ማንም ባለሙያ ማሳ ለማሳ እየዞረ «ጤፍህ ደርቋል ወይስ አልደረቀም?» አይልም። በ2011 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገብቶበት አር ፎር በሚል ስም ሰፋ።

እንግዲህ «ልኬት ታይቶ በራሱ የሚከፈል ካሳ» የሚለውን ያመጣው ብሎክቼይን አይደለም። ኦራክል የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። ልኬቱ ከወጣ በኋላ በመክፈልና ባለመክፈል መሃል ያለውን ቢሮ ያሳጥራል። ይህ ጥቅም ነው፤ ክፍያ ወራት ሲጓተት የዘር ጊዜ ያልፋል። ግን የዝናብ መድን የሚያስቸግረው ክፍያው ላይ አይደለም። ልኬቱ ላይ ነው። በተለምዶ የሚጠቀሙበት የሳተላይት ዝናብ ካርታ አንዷ ነጥብ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በአምስት ኪሎ ሜትር ናት። ደጋ ሀገር ያደገ ሰው ዝናብ ከጋራው ወዲህ ዘንቦ ማዶውን ጥሎት እንደሚሄድ ያውቃል። የአንዱ ማሳ ረጥቦ የሌላው አቧራ ሆኖ ይቀራል፤ ሳተላይቱ ሁለቱንም «ደህና ነው» ይላቸዋል። ወይም አጠቃላይ ዝናቡ በቂ ሆኖ ጤፉ ሊያሽት ሲል ለሦስት ሳምንት ይጠፋል። ሰብሉ የለም፤ ቁጥሩ ግን ሙሉ ነው። ገበሬው ከፍሏል፣ ሰብሉን አጥቷል፣ ካሳም አላገኘም። እዚህ ላይ 30 ኖድ ብታሰልፉ ሁሉም ያንኑ ሳተላይት ነው የሚጠይቁት። የደላላው ነገር ተመልሶ መጣ።

ይህን የሚያቃልለው መሬት ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ መጨመር ነው። ሰብሉ በየትኛው ሳምንት ውሃ እንደሚፈልግ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። አዲ ሃ ላይም ገበሬዎቹ ራሳቸው ልኬቱ ሲነደፍ ተጠይቀዋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቶክን የለውም።

«ያለ ኢንሹራንስ ኩባንያ» የሚለውስ? ድርቅ እንደ መኪና ግጭት አይደለም። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን አይመታም። ሲመጣ ለወረዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። ከገበሬዎቹ መዋጮ የተጠራቀመች ገንዘብ በአንድ ክረምት ታልቃለች። ስለዚህ ከጀርባ የሌላ አህጉር አደጋ ጋር አደባልቆ ሊሸከመው የሚችል ትልቅ ኪስ ያስፈልጋል፤ ጠለፋ መድን የምንለው። ጸሐፊው ኬንያን ምሳሌ አድርገዋል። ልክ ነው፤ በብሎክቼይን መድን የሚሠራው ኤተሪስክ ከአክር አፍሪካ ጋር ሆኖ እዚያ ለገበሬዎች በኤምፔሳ ከፍሏል። በ2022 የአሜሪካው መድን ኩባንያ ሌመኔድ የመሠረተው ጥምረትም ለኬንያ ገበሬ ብሎ ሲነሳ ቼይንሊንክንና አቫላንችን አካቷል። ግን የአባላቱን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ሀኖቨር ሪ አለበት። ከዓለም ትልልቅ ጠለፋ መድን ሰጪዎች አንዱ ነው። ኩባንያው አልጠፋም፤ ከኋላ ነው የተቀመጠው።

የተማሪ ውጤቱን ቶሎ ልለፈው። በ2021 ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የሚባለውን ብሎክቼይን የሠራው አይኦኤችኬ 3,500 ትምህርት ቤትና 5 ሚሊዮን ተማሪ ይመዘገባል ብለው ስምምነት ሲያስታውቁ እኔም አጨብጭቤያለሁ። እንዲህ ያለ መዝገብ አንዴ የተጻፈ ውጤት በኋላ እንዳይፋቅ ያደርጋል። መምህሩ 68ን 86 ብሎ ከጻፈ ግን 86 ለዘላለም ይኖራል። የክፍሉ ምስክር አንድ ሰው ነው። የምትመርጡት መሃለኛ ቁጥር የለም።

እንዲያውም አንዳንዴ አንድ ምንጭ ይበቃል። በኦገስት 2025 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የሀገሪቱን አጠቃላይ ምርት ቁጥር ዘጠኝ ብሎክቼይኖች ላይ አወጣ፤ ቼይንሊንክና ፒዝ የተባለው ሌላ ኦራክልም አብረው አሰራጩት። ያ ቁጥር ከመጀመሪያውም የሚወጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። 20 ኖድ ተሰብስቦ ሊያጣራው አይችልም፤ ማጣራት የሚችለው እውነት ከዚያ ቢሮ የወጣ መሆኑን ነው። ለዚያ ደግሞ የቢሮው ፊርማ ይበቃል። «አንድ ምንጭ ሁልጊዜ መጥፎ ነው» የሚለው የጸሐፊው ሕግ እዚህ አይሠራም።

የቀረችው ኮዷ ናት። ጸሐፊው በሦስት መስመር ዋጋ እንዴት እንደሚነበብ አሳይተዋል፤ ለጀማሪ የሚጋብዝ ነው። ግን የተጠቀሙት «ሌተስት አንሰር» የሚባለውን ጥሪ ነው። ቼይንሊንክ ራሱ አትጠቀሙበት ብሎ ትቶታል። ዋጋውን ይሰጣል፤ ዋጋው መቼ እንደተጻፈ አይናገርም። የኢቴርና የዶላሩ ፊድ ኢቴሪየም ላይ የሚታደሰው ዋጋው በ0.5 በመቶ ሲንቀሳቀስ ወይም አንድ ሰዓት ሲሞላ ነው። ሌሎች ፊዶች ላይ 24 ሰዓት የሚቆይም አለ። ሰንሰለቱ ሲጨናነቅ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። «ሌተስት ራውንድ ዳታ» የሚለውን ቢጠሩ «አፕዴትድ አት» የሚል ሰዓት አብሮ ይመጣል። ያንን ሰዓት አሁን ካለው ጋር ማወዳደር፣ ካረጀ ግብይቱን መመለስ፣ ዋጋው ከዜሮ በላይ መሆኑን ማየት፤ ሌላ ሁለት መስመር ናት። እኔ ስጀምር በመሞከሪያ ሰንሰለት ላይ የሁለት ቀን ዋጋ እያነበብኩ «ገበያው ዛሬ ጸጥ ብሏል» ብዬ ነበር። የእኔ የመሞከሪያ ገንዘብ ስለነበር ስቄ አለፍኩት። የእሳቸውን ኮድ ግን ሰው እየገለበጠ ነው። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ባይቀበሉኝ እንኳ እባክዎ ያችን መስመር ያስተካክሏት።